ድሪቶ በድሪቶ ሆድ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ሰው ሲሰማው "ተው እባክህ!" እንደሚለኝ ስለማውቅ አስቀድሜ እምላለሁ፦ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬ ከተገኘሁ የላንሄሊግ በጎች በሙሉ ደጄ ላይ ተሰልፈው ይሳቁብኝ። በጎቹ ብዙ ናቸው፤ ሲስቁም ቶሎ አይበቃቸውም።

ላንሄሊግ በዌልስ ኮረብቶች መሃል የተወሸቀች መንደር ናት። ከሰዉ ግማሹ ጆንስ፣ ግማሹ ፒዩ ስለሆነ ማንንም በአባቱ ስም መጥራት አያዋጣም። ስለዚህ ዳቦ የሚጋግረው ሂዩ፣ ሂዩ ዳቦ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመንደሩን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረው ኢድዋል ደግሞ ኢድዋል አውቶቡስ ነው፤ ጡረታ ወጥቶ ሰውዬው ከአውቶቡሱ ቢወርድም አውቶቡሱ ከስሙ አልወረደም። የኢድዋል ሚስት ኔስታ ጅምር ትባላለች። ታሪኩ የእሷ ነው።

ኔስታ እጇ ሥራ ሲፈታ ያማታል። ከዚህ የቀሚስ ቅዳጅ፣ ከዚያ የመጋረጃ ቁራጭ እየለቃቀመች፣ እየቆረጠችና እያገጣጠመች ብርድ ልብስ ትሰፋለች። እሷ "የእራፊ ብርድ ልብስ" ትለዋለች። ኢድዋል "ድሪቶ" ይለዋል። ጣጣው ግን ስሙ አልነበረም። ጣጣው ኔስታ መጀመር እንጂ መጨረስ የሚባል ነገር አለማወቋ ነው። አንዱን ጀምራ እኩሌታው ላይ ስትደርስ ሌላ የጨርቅ ቀለም ዓይኗን ይጠቅሳታል፤ እሱን ይዛ ስትሮጥ ሦስተኛው ይጠራታል። የልጅ ልጇ ስትወለድ ለሕፃን አልጋ የጀመረችው ልብስ አሁንም ከነመርፌው ተቀምጧል፤ ልጅቷ መኪና መንዳት እየተማረች ነው። ጅምር በፒያኖው ውስጥ አለ፣ ጅምር ከምድጃው ስር አለ፣ ጅምር በመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ከትርፍ ጎማው ጋር ተቃቅፎ ተኝቷል።

ትርፍራፊው ጨርቅም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይዋለዳል። ኢድዋል አንድ ቀን ሰማያዊ እራፊና ቢጫ እራፊ አንድ መሳቢያ ውስጥ ዘግቶባቸው፣ በሳምንቱ ሲከፍተው መሳቢያው እስከ አፉ አረንጓዴ ሆኖ አገኘው። ሌላ ቀን ደግሞ ሱሪውን ወንበር ላይ ሰቅሎ ገላውን ሊታጠብ ገባ፤ ሲወጣ ቁምጣ ሆኖ ጠበቀው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይህ እኮ ደኅና ሱሪ ነበር!"

"ጉልበቱ ሳስቶ ነበር። ደግሞ ግራጫ አጥሮኝ ነበር" አለችው፣ ከመርፌዋ ቀና ሳትል።

ማክሰኞ ማክሰኞ የመንደሩ ሴቶች ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተሰብስበው ይሰፋሉ። የማኅበሩ አለቃ ቴግዌን ናት፤ ቀጥ ያለች፣ ስፌቷም ቀጥ ያለ፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሚቀድም ሴት። አዲስ ዓመት ሲገባ ሻይዋን አስቀመጠችና ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች።

"ዘንድሮ ስለታችን አንድ ነው። ቤቷ ያለው ትርፍራፊ ሳያልቅ ጨርቅ ቤት የገባች ሴት ዓመቱን ሙሉ የሁላችንን ኩባያ ታጥባለች።"

"ክርስ?" አለች ኔስታ።

"ክርም።"

"መርፌስ?"

"ኔስታ፣ አንቺ ቤት ያለው መርፌ ጦር ሠራዊት ያስታጥቃል።"

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ እንዳለቀ ወሬው ወደ አዲሷ ፓስተር ዞረ። ፓስተር ማናን ገና ወጣት ናት፤ ቁመቷ የበር ጉበን ይነካል፤ ከመጣች ገና መንፈቅ አልሞላትም። የሰጧት ቤት ውስጡ ከውጪው ስለሚቀዘቅዝ፣ ምስኪኗ ሙቀት ሲያምራት ወደ ደጅ ትወጣለች።

"ለአቀባበሏ እሁድ የእራፊ ብርድ ልብስ ሠርተን ብንሰጣት" አለች አንዷ።

"እኔ እሠራላታለሁ!" አለች ኔስታ።

ቴግዌን ከመነጽሯ በላይ አየቻት። "የኔ እመቤት፣ እኛ እኮ ፓስተሯ ጡረታ ሳትወጣ ነው የምንፈልገው።"

የሳቁ ዓይነት ተለየ። ኔስታ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። "ለአቀባበሉ እሁድ አጥፌ አስረክባታለሁ። ጭርስ አድርጌ። አንዲት ክር ሳልገዛ። ባላደርግ ኩባያውን እኔ አጥባለሁ፤ ማንኪያውንም ጭምር!"

እንደተናገረችው ሌላ ጅምር ሳትነካ ሰፋች። ይህን ያየ ኢድዋል ሐኪም ሊጠራ ምንም አልቀረው። ከፒያኖው፣ ከምድጃው ስርና ከመኪናው ያለውን እራፊ አራግፋ ገጣጠመችው። የኢድዋል ሱሪ እዚያ ገባ፣ የድሮ መጋረጃ ገባ፣ የጸሎት ቤቱ መዘምራን የጣሉት ሐምራዊ ካባ ገባ። ፊቱ አለቀ። ገበሩም ተገኘ። የቀረው ሆዱ ነው፤ በፊትና በገበር መሃል የሚገባው ሙቀት የሚሰጠው ነገር። ሆድ የሚሆን ጥጥ ሱቅ አለ። ስለት ደግሞ ስለት ነው።

በዚያ አገር ጥጥ ያጣ ሰው አሮጌ ብርድ ልብስ በአዲሱ ሆድ ይከታል። ሴት አያቶች ሁሉ ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ ማንም ነውር አይለውም። ኔስታ ወንበር ላይ ወጥታ ከቁምሳጥኑ አናት ላይ እጇን ሰደደች። ባለ ግራጫ መስመር አሮጌ አንሶላ ውስጥ ተሰፍቶ የተቀመጠ ወፍራም ነገር መጣላት። ይህ የማን ነው ብላ አልጠየቀችም። መነጽሯ ራሷ ላይ ነበር፤ ልቧ ደግሞ እሁድ ላይ ነበር። ዘርግታ፣ በመሃል ከትታ፣ መወጠሪያው ላይ ወጠረችና በላዩ ላይ ቅጠልና ክብ እየሣለች ሰፋችው። ዙሪያውንም ዘመዘመች። የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጥራ ክሯን በጥርሷ ስትበጥስ እጇ ወደየት እንደሚሄድ ጠፋውና ጉልበቷ ላይ ተቀመጠ።

"አመመሽ እንዴ?" አለ ኢድዋል።

"ጨረስኩ።"

"ተጋደሚ። ሾርባ ላሙቅልሽ።"

እሁድ ጸሎት ቤቱ አጨበጨበ። ቴግዌን ብርድ ልብሱን እያደነቀች በሚመስል ጣት ዙሪያውን ሁሉ ዳሰሰችው፤ ያልተሰፋ ቦታ ስታጣ ሎሚ እንደነከሰ ሰው ሆነች። ፓስተር ማናን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው ነበር የሰበከችው። ኔስታ ያን ቀን ኩባያ ሳታጥብ ወደ ቤቷ ሄደች።

ደስታዋ እስከ ሰኞ ነው የቆየው። ሰኞ እህቷ ኦልወን ደወለች።

"በሚመጣው እሁድ እመጣለሁ" አለች ኦልወን፤ እሷ ሰላምታ የምትሰጠው ስትጨርስ ነው። "የእማዬን ብርድ ልብስ አዘጋጂልኝ። ተራዬ ነው።"

"እሺ" አለች ኔስታ። "ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል።"

እናታቸው ስትሞት ጥላላቸው የሄደችው ትልቅ ነገር ያ ብርድ ልብስ ነው። ከልብስ ሰፊዎች ትርፍራፊ ሱፍ የተሠራ፣ ቀይና ጥቁር፣ እንደ ቀንድ አውጣ ጀርባ እየተጠማዘዘ የተሰፋ። "አንድ ዓመት አንቺ ጋ፣ አንድ ዓመት አንቺ ጋ" ብላ ነው የተናዘዘችው። ኦልወን ባሕሩ ዳር ባለችው ከተማ ትኖራለች፤ ታላቅ ናት። የጀመረችውን ሁሉ ትጨርሳለች፤ ጠብም ቢሆን። በአንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ የተኳረፈቻት የአጎታቸው ልጅ ዛሬም ድረስ ኦልወንን ስታይ መንገድ ትሻገራለች። ባለፈው ርክክብ ጊዜ ኦልወን በሩ ላይ ቆማ፣ "ኔስታ፣ አውቅሻለሁ። ይህን ነገር ከዚያ ጅምርሽ ጋር ቀላቅለሽ ያጠፋሽው ቀን እህት አለኝ እንዳትዪ" ብላት ነበር።

ባዶ ዛቻ አልነበረም፤ በቤታቸው የቆየ ነገር ነው። እናታቸው ራሷ፣ "የአያታችሁን ሰማያዊ ብርድ ልብስ ከቤቴ ሰረቀችብኝ" እያለች ከገዛ እህቷ ከግላዲስ ጋር ሳትነጋገር ነው ያረጀችው። አክስት ግላዲስ "በወንጌሉ! አልወሰድኩም" እያለች ሞተች፤ እናታቸውም ለቀብሯ ሄዳ ከጸሎት ቤቱ ውጪ፣ ዝናብ ላይ ቆማ ተመለሰች።

ኔስታ ደግሞ ከኦልወን ሌላ እህት የላትም። የእናታቸውን ግልምጫ፣ የልጅነታቸውን ቤት የምድር ቤት ሽታ፣ የአባታቸውን የውሸት ሳል የሚያውቅ ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ስልኩን እንደዘጋች ብርድ ልብሱን ልታወጣ ተነሳች። አጣችው።

በፒያኖው ውስጥ የለም። ከምድጃው ስር የለም። ብል እንዳይበላው ብላ ደኅና ቦታ እንዳስቀመጠችው ታስታውሳለች፤ ደኅናው ቦታ የት እንደሆነ ግን አታስታውስም። ቤቱን ገለበጠችው። ስትገለብጥ የረሳቻቸው ጅምሮች እየወጡ ዓይን ዓይኗን ያዩዋት ጀመር። እንዲያውም ማክሰኞ ጠዋት ከአልጋው ስር ያገኘችው ብርቱካናማ እራፊ ከአንድ አረንጓዴ ጋር ስላማረባት፣ ፍለጋውን ትታ እዚያው ወለሉ ላይ አዲስ ጀመረች። ኢድዋል ነው የነጠቃት።

"ኧረ አንቺ! እህትሽ እየመጣች ነው!"

"አውቃለሁ! እጄ ነው እኮ!" ብላ ልታለቅስ ደረሰች።

ሐሙስ ዕለት ኔስታ በሂዩ ዳቦ ሱቅ ውስጥ ከፓስተር ማናን ጋር ተገናኘች። ፓስተሯ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፀጉሯ በአንድ ወገን ቆሟል።

"ብርድ ልብሱ አላሞቀዎትም እንዴ፣ ፓስተር?" አለች ኔስታ ደንግጣ።

"ኧረ ይሞቃል! እንደ ምድጃ ነው። ብቻ..." ፓስተሯ ሂዩ እንዳይሰማ ዝቅ ብላ ሹክ አለቻት፤ ከቁመቷ የተነሳ መንገዱ ሩቅ ነበር። "ብቻ እሱን ለብሼ በተኛሁ ቁጥር አንዲት አሮጊት በሕልሜ ትመጣለች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ። ትቆጣኛለች፣ ወይዘሮ ኔስታ።"

"ምን ብላ?"

"ነገሩ ያስቃል። 'እግርሽን ከወንበሩ ላይ አውርጂ' ትለኛለች። 'የዳቦውን ጠርዝ ለማን ነው የምትተዪው?' ትለኛለች። በሩን ከፍቼ ከተውኩት ደግሞ፣ 'ሙቀቱን ለመንገድ ልትሸጪው ነው?' እያለች ትጮኻለች።"

የኔስታ እጅ የያዘውን የዘቢብ ዳቦ ለቀቀው። ይህን የምትናገር አሮጊት በዚህች ምድር ላይ አንዲት ብቻ ነበረች።

"ከዚያ ቁጣዋን ስትጨርስ" አለች ፓስተሯ፣ "ብርድ ልብሱን እየዳበሰች፣ እየዳበሰች፣ የሆነ ነገር እንደጠፋበት ሰው፣ 'ግላዲስን ጥሩልኝ' ትላለች። ግላዲስ የምትባል ሰው ያውቃሉ?"

በኔስታ ዓይን ላይ የመጣው ባለ ግራጫ መስመር አሮጌ አንሶላ ነበር። ብል እንዳይበላው ብላ ቀዩንና ጥቁሩን ብርድ ልብስ ውስጡ ከትታ፣ ዙሪያውን በገዛ እጇ የሰፋችው አንሶላ። ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ ደኅና ቦታ ያስቀመጠችው። የእናቷን ብርድ ልብስ በአዲስ ድሪቶ ሆድ ውስጥ ወጥቃ፣ ቅጠልና ክብ ሰፍታበት፣ አስጨብጭባ ሰጥታዋለች።

ወደ ቤት የሮጠችው የዳቦውን ሂሳብ ሳትከፍል ነው። ሂዩም አልጠራትም፤ ፊቷን አይቶ ነበር።

"በጨዋ ደንብ ሄደሽ ንገሪያት" አለ ኢድዋል ነገሩን ሲሰማ።

"እነግራትና ቴግዌን ትስማ? ቴግዌን ሰምታ መንደሩ ይስማ? መንደሩ ሰምቶ ኦልወን ትስማ? በአውቶቡስ እኮ ነው የሚደርሳት!"

"የኔ አውቶቡስ ወሬ አይጭንም ነበር።"

"ያንተ አውቶቡስ ከወሬ ሌላ ምን ጭኖ ያውቃል!"

አርብ ዕለት ፓስተሯን ቤቷ ድረስ ሄደው አስጨነቋት። ኔስታ ሙሉውን መንገድ ስታጠና የመጣችው ውሸት ነበራት፤ በሩ እንደተከፈተ ለቀቀችው።

"ፓስተር፣ ሆዱ ውስጥ መርፌ ረስቻለሁ!"

"መርፌ?" ፓስተሯ ወገቧን ያዘች። "እኔ እኮ ቁርጥማት መስሎኝ! ውሰዱት፣ ውሰዱት!"

መርፌ የለም ነበር፤ ኔስታ ፈጥራው ነው። ቅዳሜ ጠዋት መተርተር ስትጀምር ግን ሁለት አገኘች።

መተርተር ከመስፋት ይከብዳል። የሰፋችው እያንዳንዱ ቅጠል፣ እያንዳንዱ ክብ በመተርተሪያው ሹል ጫፍ አንድ በአንድ መውጣት አለበት፤ ስፌቱ ደግሞ ታች ድረስ ዘልቆ የእናቷን ሱፍ ይዟል። እጇ ይቸኩላል፣ በአንድ ጆሮዋ መንገዱን ታዳምጣለች። ኦልወን የምትመጣው ነገ ነው። ሌሊቱን ጨምራ ብትሠራ ትደርሳለች። አንሶላውን ቀደደችው፤ ቀዩና ጥቁሩ ብቅ አለ። ስታየው ልታቅፈው ቸኮለችና መተርተሪያው ሾልኮ የእናቷን ዝምዝማት እስከ መሃል ሸረከተው።

ያኔ በሩ ተንኳኳ።

"የእሁዱን አውቶቡስ ሰርዘውታል!" የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ። "ኢድዋል፣ ክፈት እንጂ! እየዘነበብኝ ነው!"

ኢድዋል በሩን በትንሹ ከፍቶ ራሱን አወጣ። "ኦልወን እቴ! እንዴት ነበር መንገዱ? በላይኛው ድልድይ ነው የመጣችሁት ወይስ በታችኛው?"

"በላይኛው። ዞር በል።"

"በላይኛው! ሾፌሩ ማን ነው? ማርሹን እንዴት ነው የሚለውጠው? ቁልቁለቱ ላይ በሁለተኛ ካልሆነ እኮ..."

"ኢድዋል፣ ልትደብቀኝ የምትሞክረው ነገር ያለው ሳሎን ነው ወይስ ማድ ቤት?"

ሳሎን ነበር። ኦልወን ኮቷ ውሃ እያንጠባጠበ ገብታ ቆመች። ወለሉ ላይ የተተረተረው ድሪቶ አለ፣ የተቀደደው አንሶላ አለ፣ በመሃላቸው የእናቷ ብርድ ልብስ ሆዱ እንደተቀደደ በግ ተዘርግቷል። በላዩ ላይ ኔስታ በጉልበቷ ተንበርክካለች፤ ክር ፀጉሯ ውስጥ ገብቷል።

"ምንድን ነው ያደረግሽው?" አለች ኦልወን፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ኦልወን ዝቅ ስትል ነው የምታስፈራው።

"ሆድ አደረግኩት።"

"ምን አደረግሽው?"

"ለፓስተሯ ብርድ ልብስ... ጥጥ አልገዛም ብዬ ምዬ ነበር... አንሶላ ውስጥ ስለነበር አላወቅኩትም። እኔው ነኝ የሰፋሁት አንሶላውን። ብል እንዳይበላው ብዬ።"

"ድሪቶ ውስጥ ወተፍሽው።"

"ኦልወን፣ ላስተካክለው እችላለሁ። እጨርሰዋለሁ።"

"ትጨርሺዋለሽ!" ኦልወን ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ። "አንቺ! የእኔን የሠርግ ትራስ ጨረስሽው? የእማዬን የከፈን ጥልፍስ? እኔ ነኝ የጨረስኩልሽ፣ ሬሳው ተቀምጦ! ነግሬሽ ነበር፣ ኔስታ። በሩ ላይ ቆሜ ነግሬሽ ነበር።"

ያላወለቀችውን ኮት ቁልፉን እስከ አገጯ ድረስ ቆለፈች። ኢድዋል "ሻይ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ኦልወን በሩን ከፈተችው። ነፋሱ ከነዝናቡ ገባና እራፊውን ሁሉ አስነስቶ በቤቱ ውስጥ አሯሯጠው፤ ኔስታም ሳታስበው፣ በገዛ አፏ፣ የራሷ ያልሆነ ጩኸት አመለጣት፦

"በሩን ዝጊ! ሙቀቱን ለመንገድ ልትሸጪው ነው?"

ኦልወን ባለችበት ደረቀች። በሩን ዘጋችው። እንዲያ ተብሎ ያልዘጋ ልጅ በእናታቸው ቤት ኖሮ አያውቅም። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረችና ወለሉን አየች። ነፋሱ የተሸረከተውን ዝምዝማት ገልብጦታል።

"ያ ሰማያዊ ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"ከእማዬ ብርድ ልብስ ውስጥ የወጣው።"

ኔስታ ዝቅ ብላ አየች። በቀዩና በጥቁሩ ሆድ ውስጥ ነጭ የትራስ ጨርቅ አለ፤ በእናታቸው ጥቃቅን ስፌት ተሰፍቶ የተዘጋ፣ አንድ ጥጉ አሁን የተከፈተ። በጥጉ በኩል ሰማያዊ ብርድ ልብስ አጮልቆ ያያቸዋል፤ ነጭ ኮከብ ያለበት። ሁለቱም ዓይተውት አያውቁም። ሁለቱም ግን ስለሱ ሲወራ እየሰሙ ነው ያደጉት፤ የትኛው ጥጉ ላይ የሻማ ጠባሳ እንዳለ ሳይቀር ያውቃሉ። ኔስታ ጥጉን ገለጠችው። ጠባሳው አለ።

"የአያታችን ነው" አለች ኦልወን።

"አክስት ግላዲስ..."

"አልወሰደችውም።"

ኦልወን ከነኮቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ቋ ሲል ተሰማ።

"ብል እንዳይበላው ብላ ነው" አለች ኔስታ። "በትራስ ጨርቅ ሰፍታ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ሆድ ሲያጥራት..."

"ዝም በይ።"

"አርባ ዓመት ስትለብሰው ኖረች፣ ኦልወን። እየለበሰችው ነበር ግላዲስን የምትሰድበው።"

"ዝም በይ አልኩሽ!" ኦልወን በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። "የቀብሩ ቀን ዣንጥላውን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ግቢ ስላት አልገባም አለች። አልገባም ብላ ዝናብ ላይ ቆመች።" ከዚያ እጇን ዘረጋች። "መቀስ ስጪኝ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ይሄኛውም ከብዶኛል። ሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ልይ እንጂ!"

በሰማያዊው ሆድ ውስጥ ቡናማ ወጣ፤ የቅድመ አያታቸው። በቡናማው ውስጥ ከዱቄት ጆንያ የተሠራ ወጣ፤ የዱቄት ፋብሪካው ሥዕል ገና ያለቀቀው። ከእሱ ውስጥ ሌላ፣ ከእሱም ውስጥ ሌላ፤ የቤታቸው ሴቶች በሙሉ ብል እየሸሹ የየእናቶቻቸውን ብርድ ልብስ ሲውጡ ኖረዋል። ሳሎኑ ሞልቶ ወደ ማድ ቤት ፈሰሰ፤ ኢድዋል ምድጃው ላይ እንዳይደርስ በመጥረጊያ ይመልሰው ነበር። መጨረሻ ላይ የወጣው የአንዲት ስሟን የማያውቁት ሴት የውስጥ ቀሚስ ነው። ኪስ አለው፤ ኪሱ ውስጥ ብስኩት አለ። ኢድዋል አንስቶ አሸተተውና ነከሰው።

"ትንሽ ለስልሷል" አለ።

ኦልወን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ኔስታም ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ኢድዋል ሁለተኛውን ብስኩት ፍለጋ ሄደ።

"ፓስተሯስ?" አለች ኔስታ በኋላ። "እርቃኗን አስቀረናት እኮ። ድሪቶዋ ሆድ የለውም፤ እኔ ጥጥ አልገዛም ብያለሁ።"

ኦልወን ወደ በሩ አየች፤ ከዚያ ወደ ወለሉ። ተነስታ ኮቷን ከአገጯ ጀምራ ቁልፍ በቁልፍ ፈታችው። ወፍራም የሱፍ ኮት ነው፤ ለብሳው ከስንቱ ቤት ተቆጥታ ወጥታበታለች። አውልቃ በኔስታ ድሪቶ ላይ ዘረጋችውና መቀሱን አነሳች።

"ኦልወን! ምን ለብሰሽ ልትሄጂ ነው?"

"የእሁዱን አውቶቡስ ሰርዘውታል አላልኩሽም? ያዢልኝ እጅጌውን።"

ፓስተር ማናን ከዚያ ወዲህ አሮጊቷን በሕልሟ አታይም። አሁን የምታየው ሌላ ነው፦ ተቆጥታ ከአንድ ቤት ልትወጣ ትነሳለች፣ በሩ ጋ ትደርሳለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትቀመጣለች። ደኅና እንቅልፍ ነው ትላለች። እህትማማቾቹ ደግሞ የእናታቸውን ብርድ ልብስ፣ በሆዱ ያለውን ሰማያዊ፣ በሰማያዊው ሆድ ያለውንም ሁሉ እንደነበረ መልሰው፣ አንዷ ከዚህ ዳር አንዷ ከዚያ ዳር ቁጭ ብለው ሰፉት። ጸደይ ሲገባ ኔስታ የመጨረሻውን ቋጠሮ ቋጥራ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ቴግዌን መጥታ ዳሰሰችው። ኔስታ ጅምር መባሏም ቀረ።

እንግዲህ ምዬ የለ? በጎቹ ሲሰለፉ ይታየኛልና አንዲት ነገር ላርም። የፓስተሯ ሕልም እውነት ነው። አረንጓዴው መሳቢያ እውነት ነው፤ ብስኩቱም እውነት ነው፣ ፍርፋሪውን አይቻለሁ። የመጨረሻው ቋጠሮ ግን የእኔ ፈጠራ ነው። ብርድ ልብሱ ዛሬም መወጠሪያው ላይ ነው፤ አንድ ጥጉ ክፍት፣ መርፌው እንደተሰካ። ኔስታ ክር አልቆብኛል ትላለች፣ ቀለሙ አልጣመኝም ትላለች፣ ብርቱካናማ እራፊ ታመጣለች። ኦልወንም፣ ያቺ ሁሉን ጨራሽ፣ ሐሙስ ሐሙስ በአውቶቡስ እየመጣች አጠገቧ ትቀመጥና "ተይው፣ ለሚቀጥለው ሐሙስ እናደርሰዋለን" ትላታለች።